የቤት ኮምፒውተርን ከኢንተርኔት ጥቃት እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

አብዛኛው የቤት ኮምፒውተር የሚጠቃው ጎበዝ ሃከር ባለቤቱን ለይቶ ስላነጣጠረበት አይደለም። በር የሚሆነው ያልታደሰ ፕሮግራም፣ በየአካውንቱ የተደጋገመ የይለፍ ቃል ወይም ባለቤቱ ራሱ «እሺ» ብሎ የከፈተው ፋይል ነው። ስለዚህ ሥራው ውድ አንቲቫይረስ በመግዛት አይጀመርም። ከታች ያለው ለዊንዶውስ 11 የተጻፈ ነው፤ በዊንዶውስ 10 የአንዳንድ ገጾች አቀማመጥ ይለያል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

1. መጀመሪያ ያድሱ

የዊንዶውስ ቁልፍን ከአይ ፊደል ጋር ሲጫኑ ሴቲንግስ ይከፈታል። በግራ በኩል «ዊንዶውስ አፕዴት» ውስጥ ይግቡና «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚለውን ይጫኑ። ወርዶ ሲያልቅ ሪስታርት ያድርጉ፤ ከዚያ ተመልሰው እንደገና ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ ሳይታደስ የቆየ ኮምፒውተር አንዱን ሳይጭን ሌላውን ስለማያሳይ ሁለት ሦስት ዙር ሊፈልግ ይችላል። ዳታ ለመቆጠብ ኔትወርኩን «ሚተርድ» አድርገውት ከሆነ አብዛኛው ማሻሻያ በራሱ አይወርድም። እንዲህ ከሆነ በሳምንት አንዴ እየገቡ በእጅዎ ያውርዱ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሜይ 2017 በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ዋናክራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው በማርች፣ ማለትም ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። ማሻሻያው የተጫነባቸው ማሽኖች በዚያ ቀዳዳ አልተጠቁም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽንዎ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ያሳድጉት፤ ካልቻለ ኢንተርኔት የሚገባበትን ሥራ እንደ ሊኑክስ ሚንት ወዳለ ነፃ ሲስተም ማዛወር ድጋፍ ባጣ ዊንዶውስ ከመቆየት ይሻላል።

ብራውዘሩንም አይርሱ። ክሮም ማሻሻያውን በራሱ ቢያወርድም ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ የሚሠራው በአሮጌው ነው። ሠላሳ ገጽ ከፍቶ ኮምፒውተሩን ለሳምንታት «ስሊፕ» ብቻ የሚያደርግ ሰው የታደሰ ይመስለዋል፤ አልታደሰም።

2. የዕለት ሥራዎን ከአድሚን አካውንት ያውጡ

ዊንዶውስ ሲጫን የሚፈጠረው የመጀመሪያ አካውንት አድሚን (በኮምፒውተሩ ላይ ሁሉን የመቀየር ሥልጣን ያለው) ነው። በእሱ ሆነው የከፈቱት ተንኮለኛ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ለማግኘት «የስ» የምትል አንዲት ክሊክ ትበቃዋለች። በሴቲንግስ «አካውንትስ»፣ ቀጥሎ «አዘር ዩዘርስ» ገብተው ሁለተኛ አካውንት ይክፈቱ፤ ዓይነቱን «አድሚኒስትሬተር» ያድርጉና ጠንካራ የይለፍ ቃል ይስጡት። ከዚያ በአዲሱ አካውንት ገብተው የቀድሞውን ወደ «ስታንዳርድ ዩዘር» ይቀይሩ። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዱ ፋይሎችዎ የነበሩበት ይቆያሉ። ከዚህ በኋላ ፕሮግራም ሲጭኑ የአድሚኑን የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ። ምንም ሳይጭኑ ከጠየቀ «ኖ» ብለው ይዝጉት።

ይህ ግን ሁሉን አይከላከልም። ተንኮለኛ ፕሮግራም የራስዎን ፎቶና ሰነድ ለመቆለፍ የአድሚን ሥልጣን አያስፈልገውም፤ ለዚያ መፍትሔው ባክአፕ (የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ) ነው።

3. አንቲቫይረስ

ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ለቤት ይበቃል። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»ን ከፍተው «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» እና «ታምፐር ፕሮቴክሽን» መብራታቸውን ያረጋግጡ። ኮምፒውተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣ የሙከራ አንቲቫይረስ ጊዜው ካለፈ ያራግፉት፤ ሁለት አንቲቫይረስ ጎን ለጎን ማሠራትም ማሽኑን ከማዘግየትና እርስ በርስ ከማጋጨት ያለፈ ጥቅም የለውም።

በዚያው ገጽ ግርጌ «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ፕሮግራም መከላከያ) ውስጥ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል አለ። ሲበራ፣ የማይታወቅ ፕሮግራም ሰነድና ፎቶ ያለባቸውን ፎልደሮች እንዳይነካ ይከለክላል። አንዳንድ ጊዜ ጨዋታ ወይም የፎቶ ማስተካከያ «ሴቭ ማድረግ አልቻልኩም» ሊል ይችላል፤ ያኔ ጥበቃውን ከማጥፋት ያንን ፕሮግራም ብቻ ከተፈቀዱት ዝርዝር ያስገቡ።

4. ራስዎ የሚከፍቱት በር

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው እዚህ ነው።

ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን በነባሪነት ይደብቃል። «ደረሰኝ.ፒዲኤፍ.ኢኤክስኢ» የሚል ፋይል «ደረሰኝ.ፒዲኤፍ» ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ሲከፈት ግን ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው»፣ ቀጥሎ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣ «ሰነድ» መጨረሻው ኢኤክስኢ፣ ኤስሲአር ወይም ጄኤስ ከሆነ ሳይከፍቱ ይሰርዙት። የወርድ ወይም የኤክሴል ፋይልም «ይዘቱን ለማየት ኢኔብል ኮንቴንት ይጫኑ» ካለዎት ተንኮል ነው፤ ጽሑፍ ለማንበብ ያ ፈቃድ አያስፈልግም።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የፈቃድ መቆጣጠሪያው የተሰበረ ሶፍትዌር ሌላው ነው። ከመጫንዎ በፊት «አንቲቫይረሱን ያጥፉ» የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል። አንቲቫይረሱ የሚጮኸው ፈቃድ ስለሌለዎት ብቻ ነው ይላሉ፤ ውስጡ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ብራውዘር ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ለቅሞ የሚልክ ፕሮግራም ነው። ለጽሑፍ ሥራ ሊብሬኦፊስ፣ ለፎቶ ጊምፕ፣ ለቪዲዮ ቪኤልሲ ያለ ክፍያና ያለ ክራክ ይገኛሉ።

አሁን የተስፋፋ አንድ ማታለያ አለ። ድረ ገጹ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይልና የዊንዶውስ ቁልፍን ከአር ጋር፣ ቀጥሎ ኮንትሮልን ከቪ ጋር፣ በመጨረሻ ኢንተርን እንዲጫኑ ያዝዛል። ገጹ እርስዎ ሳያዩ ትእዛዝ ኮፒ አድርጎልዎታል፤ በገዛ እጅዎ ፔስት አድርገው ያስኬዱታል። እውነተኛ ማረጋገጫ ከብራውዘሩ ውጭ ምንም እንዲጫኑ አይጠይቅም። ስክሪኑን ሞልቶ «ኮምፒውተርዎ ተጠቅቷል፤ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ገጽም ማስታወቂያ እንጂ ምርመራ አይደለም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ብራውዘሩን ከዚያ ይዝጉት። ደውሎ «ኤኒዴስክ ይጫኑ» ለሚልዎት ሰው ደግሞ ስልኩን ይዝጉበት፤ ኤኒዴስክ ኮምፒውተርን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያስችል ፕሮግራም ነው።

ሊንክ ሲደርስዎት አድራሻውን ከሁለቱ ስላሾች ቀጥሎ እስከሚመጣው ነጠላ ስላሽ ድረስ ብቻ ያንብቡ፤ የሚያነቡትም ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። «ባንክዎ.ኮም.ማረጋገጫ.ኔት» የሚል አድራሻ ባለቤቱ ባንክዎ ሳይሆን «ማረጋገጫ.ኔት»ን ያስመዘገበው ሰው ነው። በብራውዘሩ ከአድራሻው ጎን የሚታየው የቁልፍ ምልክት መኖር መልእክቱ በመንገድ ላይ እንደማይነበብ እንጂ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ታማኝ መሆኑን አይናገርም፤ ሌባም ያንን ምልክት በነፃ ያገኛል።

5. የይለፍ ቃል

አንዱ ድረ ገጽ ሲዘረፍ የወጣው ኢሜይልና የይለፍ ቃል በሌሎች መቶ ድረ ገጾች ላይ በማሽን ይሞከራል። አንዱን በየቦታው መደጋገም አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። እንደ ቢትዋርደን ወይም ኪፓስ ያለ የይለፍ ቃል ማከማቻ ፕሮግራም ይጫኑና ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየ፣ 16 ፊደልና ከዚያ በላይ የሆነ የይለፍ ቃል እንዲፈጥርልዎት ያድርጉ። በቃልዎ የሚይዙት የማከማቻውን ዋና ቃል ብቻ ነው፤ እሱም እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ወይም ስድስት ቃላት ይሁን። የልደት ቀን፣ የልጅ ስም፣ ስልክ ቁጥር አይግባበት።

ከሁሉ አስቀድመው የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ የሌላው አካውንት ሁሉ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚመጣው ወደዚያ ነውና። በላዩ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቅ) ይጨምሩ። በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ሌባ ሲም ካርድዎን በስሙ ካስወጣ ኮዱ ወደ እሱ ይሄዳል። በየ30 ሰከንዱ ኮድ የሚቀይሩ አፖች ይበልጣሉ። አካውንቱ «ፓስኪ» (በይለፍ ቃል ምትክ የሚያገለግል ዲጂታል ቁልፍ) የሚቀበል ከሆነ እሱ ከሁሉም ይልቃል፤ ከትክክለኛው አድራሻ ጋር ስለተሳሰረ አስመስለው የሠሩት ገጽ ላይ አይሠራም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ሲያበሩ የሚሰጥዎትን የመጠባበቂያ ኮድ ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ስልኩ ሲጠፋ ከአካውንታቸው ውጭ የሚቀሩት ይህን የዘለሉ ናቸው።

6. ራውተር

በብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ይጻፉ፤ ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፏል። የመግቢያውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ይህ ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተለየ ነው። የዋይፋዩን ጥበቃ ደብሊውፒኤ3፣ ከሌለ ደብሊውፒኤ2 ያድርጉ። ደብሊውፒኤስን (መሣሪያን በፒን ወይም በአዝራር ከዋይፋዩ የሚያገናኘውን) ያጥፉ፦ ባለ 8 አኃዙ ፒን በሁለት ተከፍሎ ስለሚፈተሽ ሰብሮ ለመግባት 11,000 ሙከራ በቂ ነው። ራውተሩን ከቤት ውጭ በኢንተርኔት ለማስተካከል የሚያስችለውን «ሪሞት ማኔጅመንት»ንም ያጥፉ፣ ፈርምዌሩን (የራውተሩን ውስጣዊ ፕሮግራም) ያድሱ።

7. ባክአፕ

የፋይልዎ ሦስት ቅጂ ይኑርዎት፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ወይም ክላውድ ላይ። ሰዎች የሚሳሳቱት ኤክስተርናል ዲስኩን ሰክተው በመተው ነው። ራንሰምዌር የተሰካውንም ዲስክ አብሮ ይቆልፋል። ቀድተው ሲጨርሱ ይንቀሉት። በየጥቂት ወሩ አንድ ፋይል ከዲስኩ መልሰው ይክፈቱ፤ ያልተሞከረ ባክአፕ መሥራቱ አይታወቅም።

8. ከተጠቃስ?

በመጀመሪያ ዋይፋዩን ያጥፉ ወይም ገመዱን ይንቀሉ። የይለፍ ቃልዎን በዚያው ኮምፒውተር ላይ አይቀይሩ፤ አዲሱም ይሰረቃል። ከስልክዎ ወይም ከሌላ ንጹህ ማሽን ኢሜይል፣ ቀጥሎ ባንክ፣ ከዚያ ሌላውን ይቀይሩ። በየአካውንቱ «ከሁሉም መሣሪያ አስወጣ» የሚለውንም ይጫኑ፤ ብራውዘሩ ላይ የተቀመጠው ኩኪ (ወደ አካውንቱ መግባትዎን የሚያስታውስ መረጃ) ተሰርቆ ከሆነ ሌባው የይለፍ ቃልም ኮድም ሳይጠየቅ ይገባልና።

ከዚያ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ የዲፌንደርን «ኦፍላይን ስካን» ይምረጡ፤ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ዊንዶውስ ሳይነሣ 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። ፋይሎችዎ ተቆልፈው ገንዘብ ከተጠየቁ አይክፈሉ፤ ከፍለው ቁልፉን ያላገኙ ብዙ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም ዩሮፖልና የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከደህንነት ኩባንያዎች ጋር በ2016 የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ድረ ገጽ ለአንዳንዶቹ ራንሰምዌሮች መክፈቻ በነፃ ይሰጣል፤ የእርስዎ ከሌለ ዲስኩን ከማጽዳትዎ በፊት የተቆለፉትን ፋይሎች ቀድተው ያስቀምጡ፤ ኋላ ሊገኝ ይችላል። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ለመጫን በሌላ ንጹህ ኮምፒውተር ላይ፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በሚወርደው «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የመጫኛ ፍላሽ ያዘጋጁ። ፍላሹ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይሁን፤ በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶውን ይጠቀሙ።