መሃል አዲስ አበባ ቤት እንዴት ይገዛል?

ደላላው «ሳሎኑን ብቻ ይዩት!» ሲልዎ፣ «መጀመሪያ የይዞታ ካርታውን» ይበሉት።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተያዘ)? ሊዝ ከሆነ ስንት ዓመት ቀረው፣ ያልተከፈለስ አለ? በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም፤ «በውክልና እንጨርሰዋለን» የሚል ደላላ ከገጠመዎ ሻይዎን ጨርሰው ይነሱ። የቀበሌ ቤትማ ከናካቴው አይሸጥም። ባለቤቱ ከሚኖርበት የተረፈ ቤት («ትርፍ ቤት») በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ ወዲህ የመንግሥት ነው፤ የቀበሌ ቤት «ቁልፍ» የሚሸጥልዎ ተከራይ የሰው ንብረት እየቸበቸበ ነው።

ቀጥሎ ከሻጩ ጋር ክፍለ ከተማ ይሂዱ። ካርታው ከማህደሩ ጋር ይመሳሰል እንደሆነ፣ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ ይኖርበት እንደሆነ ያጣሩ። ቦታው በመልሶ ማልማት ወይም በመንገድ ፕላን ውስጥ መግባቱንም ይጠይቁ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ያየ ሰው ይህችን ጥያቄ አይዘልም።

ቤቱን ሲያዩ ቧንቧ ይክፈቱ። እኔ አንዴ አራተኛ ፎቅ ላይ ስከፍት «ፍሽሽ» ብሎ አየር ብቻ ወጣ። ባለቤቷ «ዛሬ ተራችን አይደለም» አሉኝ። ሽንት ቤቱ በር ሥር ስድስት ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ተራው በስንት ቀን እንደሚደርስ ከዚያ በላይ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ይህን ሁሉ ከማጣራትዎ በፊት ቀብድ አይስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዢ ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱን ያጣል፤ ሻጭ ካፈረሰ ዕጥፉን ይመልሳል። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» የምትለዋ ቃል ትጻፍ።

ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይፈራረሙ፤ ካፌ ውስጥ በሁለት ምስክር የተጻፈ ውል ለቤት አይበቃም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም መስማማት አለባቸው፤ ካላገባ ያላገባ ለመሆኑ ማስረጃ ያምጣ። ክፍያውን በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው ቼክ) ያድርጉት፤ በማዳበሪያ ተሸክሞ የሚዞር ገንዘብ ማስረጃ የለውም። የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያና የደላላ ኮሚሽን ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ይነጋገሩ።

ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ውዝፍ ካለ ሻጩ እዚያው ይክፈል።