ለፋብሪካ ማሞቂያ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ አመራረጥ፦ በ12 ኪሎዋት የዳቦ ምድጃ ምሳሌ

ኤስ.ኤስ.አር (ሶሊድ ስቴት ሪሌይ፣ ያለ ተንቀሳቃሽ አካል ኤሌክትሪክን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ላይ «40 አምፔር» የሚለው ጽሑፍ እውነት የሚሆነው ሪሌዩ በቂ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚበትን ባለ ክንፍ ብረት) ላይ ሲታሰር ብቻ ነው። ባዶውን ቦርድ ላይ ቢታሰር ያው ሪሌይ ጥቂት አምፔሮችን ብቻ ነው ያለማቋረጥ የሚሸከመው። ስለዚህ ስሌቱ ከሎዱ (ሪሌዩ ከሚያበራው ዕቃ) ይጀምርና ሂት ሲንኩ ላይ ያልቃል።

ለምሳሌ ባለ ሦስት ፌዝ የዳቦ ምድጃ እንውሰድ። በየፌዙ 4 ኪሎዋት ሬዚስታንስ አለው፣ በስታር (የሦስቱም አንድ አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ተገናኝቶ) የታሰረ ነው፣ ኒውትራልም አለው። 4000 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 18.2 አምፔር ይመጣል። መስመሩ 240 ቮልት ሲደርስ ግን ያው ሬዚስታንስ 19.8 አምፔር ይስባል፤ ስሌቱን በ20 ይያዙ። ለማሞቂያ ሎድ ሪሌዩን ከተጻፈበት ከ60 እስከ 70 በመቶ በላይ አለመጫን ይመረጣል። 20 ለ0.6 ሲካፈል 33 ነው፤ በገበያ ላይ ያለው ቀጣይ መጠን 40 አምፔር ይሆናል። 25 አምፔሩ በወረቀት ላይ ይበቃል፣ የሞቀ ፓኔል ውስጥ ሲገባ ግን መጠባበቂያ የለውም።

ይህ ስሌት ለሬዚስታንስ ብቻ ነው። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይስባል፤ ሃሎጅንና ኢንፍራሬድ አምፖል በቀዝቃዛው ከ10 እጥፍ በላይ ይስባል። ለእነዚህ የሪሌዩ የአጭር ጊዜ ከረንት ካልታየ ምርጫው ግምት ነው። ለማሞቂያ በዜሮ ክሮሲንግ (ቮልቴጁ ዜሮን ሲያልፍ) የሚበራውን ዓይነት ይምረጡ። ለትራንስፎርመር ግን በማንኛውም ቅጽበት የሚበራው ይሻላል፤ ትራንስፎርመር ቮልቴጁ ዜሮ ላይ ሲበራ ኮሩ (የብረት እምብርቱ) ሳቹሬት ያደርግና፣ ማለትም በማግኔት ይሞላና፣ ከፍተኛ ከረንት ይስባል።

ቮልቴጁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሬዚስታንሱ የሚሠራው በ220 ቮልት ስለሆነ የ240 ቮልቱ ሪሌይ የሚበቃ ይመስላል። ኒውትራሉ ከላላ ወይም ከተቆረጠ ግን፣ አንዱ ሪሌይ በርቶ ሌሎቹ ሲጠፉ፣ በጠፉት ላይ 380 ቮልት ይመጣል። ጫፉ 537 ቮልት ነው። 600 ቮልት ጫፍ የሚችለው ሪሌይ መብረቅ ወይም የመስመሩ ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ ሲታከልበት ያልቃል። በ380 ቮልት መስመር ላይ እስከ 480 ቮልት የሚሠራ፣ 1200 ቮልት ጫፍ የሚችለውን ይግዙ።

የመቆጣጠሪያውን ጎን በፊደሎቹ ማወቅ ይቻላል። «ዲ.ኤ» የሚል ምልክት መቆጣጠሪያው ዲሲ፣ ሎዱ ኤሲ ማለት ነው፤ «ኤ.ኤ» ሁለቱም ኤሲ፤ «ዲ.ዲ» ሁለቱም ዲሲ። የኤሲውን ለዲሲ ሎድ አይጠቀሙ፤ አንዴ ከበራ አይጠፋም፣ ከረንቱ ወደ ዜሮ የሚወርድበት ቅጽበት ስለሌለ። የሙቀት ኮንትሮለሩ ውፅዓት ለሦስት ሪሌዮች መብቃቱንም ያረጋግጡ፦ አንዱ 15 ሚሊአምፔር ከፈለገ ሦስቱ በፓራለል 45 ይፈልጋሉ፤ ብዙ ኮንትሮለሮች ይህን አያወጡም።

አሁን ወደ ሂት ሲንኩ። በርቶ ያለ ሪሌይ በየአምፔሩ 1.2 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። 20 አምፔር ሲያልፍበት 24 ዋት፣ ሦስቱ አንድ ሂት ሲንክ ላይ ሲሆኑ 72 ዋት ነው። የፓኔሉ ውስጥ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ የሪሌዩ መቀመጫም ከ80 መብለጥ የለበትም እንበል። 80 ሲቀነስ 45 ስንት ነው? 35። ለ72 ሲካፈል 0.49 ዲግሪ በዋት ይሆናል፤ ይህ ሂት ሲንኩ ለእያንዳንዱ ዋት ከአየሩ በላይ የሚሞቀው ዲግሪ ነው። ከዚህ ያነሰ ቁጥር ያለው ሂት ሲንክ ይፈልጉ፣ ትልቁ ቁጥር ደካማው ነውና።

ከፍታም ይቆጠራል። የሂት ሲንክ ቁጥር የሚለካው በአብዛኛው ቆላ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሙቀትም በዝግታ ይወስዳል። ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይጨምሩ፣ ማለትም 0.4 አካባቢ ይውሰዱ። በድሬዳዋ ደግሞ ከፍታው ሳይሆን የፓኔሉ ሙቀት ነው የሚያስቸግረው፤ 45 የሚለውን በ55 ይተኩና ያስሉ። 0.35 ይወጣል፤ እዚያ ማራገቢያ የግድ ነው።

ለአጭር ዑደት ኤስ.ኤስ.አሩን ተራ ብሬከር አያድነውም፤ ብሬከሩ ሳይቆርጥ ሪሌዩ ይቃጠላል። ሪሌዩ በአንድ ግማሽ ዑደት፣ ማለትም በ10 ሚሊሴኮንድ፣ 400 አምፔር ይችላል ከተባለ አይ ስኩዌር ቲው (የከረንቱ ካሬ በጊዜ ተባዝቶ፣ ሪሌዩ ሳይቃጠል የሚችለው) 400 በ400 በ0.01 ለ2 ተካፍሎ 800 ነው። የፊውዙ ከዚህ ማነስ አለበት። «ጂ.አር» ወይም «ኤ.አር» የሚል ለሴሚኮንዳክተር የተሠራ ፊውዝ ይጠይቁ፤ «ኤ.አር» ከአጭር ዑደት ብቻ ስለሚያድን ከፊቱ ብሬከር ይኑር።

ኤስ.ኤስ.አር ሲበላሽ በአብዛኛው ተዘግቶ ይቀራል። ማለትም ኮንትሮለሩ «ጥፋ» ቢልም ምድጃው መጋሉን ይቀጥላል። ለዚህ የራሱ ሴንሰር ያለው ሌላ የሙቀት ገደብ ይግጠሙ፣ እሱም ከሪሌዮቹ በፊት ያለውን ኮንታክተር (መስመሩን የሚቆርጥ ትልቅ የመግነጢስ ማብሪያ) ይጣል። ሪሌዩ ጠፍቶም ጥቂት ሚሊአምፔር ያሳልፋል፤ ሬዚስታንስ ከመንካት በፊት ብሬከሩን ይጣሉ።

ርካሽ የሚባሉት ላይ ማስጠንቀቂያ፦ «40» ተጽፎባቸው ውስጣቸው 12 ወይም 16 አምፔር ትራያክ (ኤሲውን የሚያበራው ሴሚኮንዳክተር) ያላቸው ተከፍተው ታይተዋል። የሙቀት ኩርባና አይ ስኩዌር ቲ የያዘ ዳታ ሺት የሌለውን ሪሌይ ለምርት መስመር አይግዙ።

ሲያስሩ ተርማል ፔስቱን በስሱ ይቀቡ፣ የሂት ሲንኩን ክንፎች ወደ ላይ ያቁሙ፣ ተርሚናሉን በአምራቹ ቶርክ ያጥብቁ። የላላ ተርሚናል ከውስጡ ሙቀት ቀድሞ ሪሌዩን ይገላል። የኮንትሮለሩን ሳይክል ከ20 ሴኮንድ ወደ 2 ሴኮንድ ያውርዱት። ምድጃው ሙሉ ሎድ ላይ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ የሂት ሲንኩን ሙቀት ከሪሌዩ መቀመጫ አጠገብ ይለኩ፤ ከ75 በላይ ከሆነ ማራገቢያ ይጨምሩ።