ጃፓንኛው መካከለኛ ደረጃ ላይ ሲቆምባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ ሆኜ ነው። እሑድ እሑድ ጃፓንኛ የሚያጠኑ ጥቂት ተማሪዎች እኔ ዘንድ ይመጣሉ። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የመካከለኛውን ክፍል የጨረስኩት በብዙ ጭንቅ ነው። ያኔ የጨነቀኝ ነገር ዛሬም ልጆቹን ሲያስጨንቅ አየዋለሁ።

የጀማሪው ክፍል ደስ ይላል። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ሁለቱ የድምፅ ጽሕፈቶች እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደል አላቸው። ከሀ እስከ ፐ ቆጥሮ ላደገ ልጅ ይህ ብዙ አይደለም። መካከለኛው ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ቀጥ ይላል። እኔ እንደማየው የብዙው ችግር ሥር አንድ ነው፤ ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን ነው የምንማረው። መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛ ስለሚያስረዱ እኛም በዚያው እናስባለን። አማርኛና ጃፓንኛ ዘመዳሞች አይደሉም። በአሠራራቸው ግን በብዙ ቦታ ይገናኛሉ።

የጃፓንኛ ቃላቱን እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸው ለንባብ እንዲመች ነው። ደብተራችሁ ላይ ግን በጃፓንኛው ፊደል ጻፉ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ቃሉን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን አይገባኝም

ሦስት መስመር አንብባችሁ ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋችኋል። ምክንያቱ በልባችሁ ወደ እንግሊዝኛ እየገለበጣችሁ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ ግሱን መሃል ያስቀምጣል። ጃፓንኛ ግን እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ዓይናችሁ ከጫፍ ጫፍ ሲሮጥ ይደክማል።

«ኪኖኦ ኢቺባ ዴ ካትታ ሆን» የሚለውን ውሰዱ። በተራው ወደ አማርኛ አውርዱት፤ ትናንት፣ ገበያ፣ ላይ፣ የገዛሁት፣ መጽሐፍ። አንድም ቃል ቦታ አልለቀቀም። የጎደለው «የ» ብቻ ነው። «ካትታ» ለብቻው «ገዛሁ» ማለት ነው፤ ጃፓንኛ ስም ሲከተለው «የ» አይጨምርበትም። ስለዚህ ያልተጌጠ ተራ ግስ አይታችሁ ወዲያው ስም ከተከተለው፣ በእርሳስ ግሱ ላይ ትንሽዬ «የ» ጻፉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እርሳሱን ትተዉታላችሁ።

«ዋ» እና «ጋ» የሚባሉት ሁለቱ ቃላትም በዚሁ መንገድ ይቀላሉ። «ካሳስ?» ብለን ስንጠይቅ ጃፓኑ «ካሳ ዋ?» ይላል። «ማነው የመጣው?» ሲባል ግን «ካሳ ነው የመጣው» እንላለን፤ ያ «ካሳ ጋ ኪታ» ነው። ሁሉን አይሸፍንም፤ ግን ለመነሻ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይሻላል።

«ተደረገብኝ» የሚለው ሰዋስው ላይ መቆም

በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው።

መካከለኛው ላይ «አሜ ኒ ፉራሬታ» የሚል ነገር ይመጣል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ «በዝናብ ተዘነብኩ» ዓይነት ነገር ይልና ተማሪው ግራ ይጋባል። ሰው እንዴት ይዘነባል? እኔም ስንት ማታ ታግዬበታለሁ። መልሱ አፌ ውስጥ ነበር፤ «ዘነበብኝ»። ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ ለኖረ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ጹማ ኒ ሺናሬታ» ደግሞ «ሚስቱ ሞተችበት» ነው። እኛ «ብ» የምንጨምርበትን ጉዳት ጃፓንኛ በተደራጊ ግስ ይናገረዋል። ይኸው ነው።

በጎ ሲሆንስ? እኛ «ከፈተልኝ» እንላለን። ጃፓኑ «አኬቴ ኩሬታ» ይላል። የኛ «ልኝ» እና የነሱ «ኩሬታ» አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የኛ ግስ ማን ለማን እንዳደረገ በራሱ ይናገራል፤ የጃፓንኛ ግስ አይናገርም። «ካትታ» ገዛሁም፣ ገዛህም፣ ገዛችም ሊሆን ይችላል። አቅጣጫውን የሚያሳዩት የመስጠትና የመቀበል ግሶቹ ናቸው። «ኩሬሩ» ወደ እኔ ሲሰጡ ነው። «አጌሩ» እኔ ለሌላ ስሰጥ። «ሞራው» ደግሞ ስቀበል። ማን ለማን እንዳደረገ ከጠፋባችሁ መጀመሪያ እነዚህን ፈልጉ።

በ«ቴ» የሚያልቀው የግስ ቅርጽም እንዲሁ ነው። «ቴ ኦ አራትቴ ታቤታ» ማለት «እጄን ታጥቤ በላሁ» ነው። «ታጥቤ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ እና «አራትቴ» ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ለሚቀጥለው ያቀብሉታል። ከዚያ የሚመጡት ተከታዮች ደግሞ ይበልጥ ይገርማሉ። «ታቤቴ ሚሩ» ማለት «ቀምሼ ልየው» ነው፤ «ሚሩ» ራሱ «ማየት» ነው። «ታቤቴ ሺማትታ» «በልቶ ጨረሰ» ነው። «ካይቴ ኦኩ» «ጽፌ አስቀምጣለሁ»፤ «ኦኩ» ብቻውን «ማስቀመጥ» ነው። እነዚህን ከእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ አትሸምድዱ። የራሳችሁን አሥር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ወደ ጃፓንኛ አውርዷቸው።

አንዱ ካንጂ ስንት ስም አለው?

ካንጂ ማለት ከቻይና የመጣው፣ አንዱ ምልክት አንድ ትርጉም የሚይዝበት ጽሕፈት ነው። ይህን የማይጠይቅ ተማሪ የለም። ውሃ የሚለው ካንጂ ለብቻው «ሚዙ» ይባላል። ረቡዕ ውስጥ ሲገባ «ሱኢ» ሆኖ «ሱኢዮኦቢ» ይላል። የቧንቧ ውሃም «ሱኢዶኦ» ነው። ተማሪው ሁለቱን ንባብ ያለ ምክንያት ይሸመድዳል፤ ወዲያው ይረሳል።

ምክንያቱን ካወቃችሁት አይጠፋም። ጃፓኖች ጽሕፈቱን ከቻይና ሲወስዱ የቻይናውን ድምፅ አብረው ወሰዱ፤ የራሳቸውንም ቃል አልጣሉም። አማርኛና ግዕዝን አስቡ። «ውሃ ስጠኝ» እንላለን እንጂ «ማይ ስጠኝ» አንልም። «ማየ አይህ» ስንል ግን ግዕዙ ይመጣል። ለብቻው «ራስ» ነው፤ ሲጣመር «ርእሰ መምህር» ይሆናል። «ሰው» ብለን «ሰብአዊ መብት» እንላለን። ጃፓንኛም ቃሉ ለብቻው ሲቆም የአገሩን ድምፅ፣ ካንጂዎች ሲጣመሩ ብዙውን ጊዜ የቻይናውን ድምፅ ይጠቀማል። ጎጃም እኮ የዋሸራና የዲማ አገር ነው። ቅኔ ቤት ያለፈ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት፤ ከእናንተ ቀድሞ ይገባዋል።

ሕጉ ሁልጊዜ አይሠራም። «ሚዙኢሮ» የሚባል ቀለም አለ፤ ውሃ ሰማያዊ ማለት ነው። ተጣምሮም «ሚዙ» ብሎ ቀርቷል። የሰውና የቦታ ስም ደግሞ የራሱ ዓለም ነው።

ስለዚህ ካንጂን ነጥላችሁ አታጥኑ። ለእያንዳንዱ አንድ ለብቻው የሚቆም ቃልና ሁለት ጥምር ቃል ጻፉ። በጃፓን ለጠቅላላ አገልግሎት የተመረጡት 2,136 ናቸው፤ በአንድ ሴሚስተር የሚያልቅ አይደለም፤ አትቸኩሉ። የድምፅ ፍንጭም ፈልጉ። «ሰማያዊ» የሚለው ካንጂ «ሴይ» የሚል ንባብ አለው። ከጎኑ የውሃ ምልክት ሲገባ ንጹሕ፣ የፀሐይ ሲገባ የጠራ ሰማይ፣ የንግግር ሲገባ መለመን ይሆናል። ሦስቱም «ሴይ» ይባላሉ።

አክብሬ ተናገርኩ፣ ግን ስህተት ነው ተባልኩ

እስካሁን አማርኛ ረዳን። እዚህ ላይ ግን ያሳስተናል።

«አንቱ» ብሎ ያደገ ልጅ የጃፓንኛ አክብሮት ቀላል ይመስለዋል። መጀመሪያ የሚሠራው ስህተት «እርስዎ»ን «አናታ» ብሎ መተርጎም ነው። መምህርን «አናታ» ማለት ነውር ነው። «ሴንሴይ» በሏቸው፤ ሌላውን ሰው በስሙ ላይ «ሳን» ጨምራችሁ ጥሩት።

ሁለተኛው ይከብዳል። እኛ ለእንግዳ ስናወራ «አባቴ ይመጣሉ» እንላለን። አባትን በሰው ፊት «ይመጣል» ማለት ብዙ ቤት ያስቆጣል። ጃፓንኛ ተቃራኒውን ይጠይቃል። በውጭ ሰው ፊት የራስ ቤተሰብ ከራስ ጋር ዝቅ ይላል። ቤት ውስጥ «ኦቶኦሳን» ያላችሁት አባት ለእንግዳ ሲነገር «ቺቺ» ይሆናል፤ ግሱም ዝቅ ያለው «ማይሪማሱ» ነው። የሥራ አለቃም ቢሆን ከሌላ ድርጅት ለሚደውል ሰው ያለ «ሳን» ነው የሚጠራው። አንዷ ተማሪዬ ይህን ስነግራት «አባቴን አላዋርድም» አለችኝ። ስሜቷን አከብራለሁ። ግን ማዋረድ አይደለም። እንግዳውን ከፍ ለማድረግ መላው ቤት አብሮ ጎንበስ ማለቱ ነው።

መፍትሄው ከግሱ በፊት ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው። የማወራው ለማን ነው? ስሙን የማነሳው ሰውስ ከእኔ ወገን ነው ወይስ ከአድማጩ? እኛ የምንጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ «በዕድሜና በክብር ማን ይበልጣል?» የሚለውን ብቻ ነው።

አያትን አክስት ማድረግ

«ኦባሳን» አክስት ናት፤ «ኦባኣሳን» አያት። «ቢሩ» ሕንፃ ነው፤ «ቢኢሩ» ቢራ። አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ቃል አይለይም፤ ፊደላችንም አያሳየውም። በፊደላችን ከጻፋችሁ ርዝመቱ ይጠፋባችኋል፤ በጃፓንኛው ፊደል ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው። እያንዳንዱን ምት በጣታችሁ ጠረጴዛ ላይ እየመታችሁ አንብቡ፤ «ኦ-ባ-ኣ-ሳ-ን» አምስት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ሳትቀር ትቆጠራለች።

ማጥበቅ ግን ለእኛ ቀላል ነው። «አለ» ተናገረ ለማለትና «አለ» ይገኛል ለማለት ጆሯችን ይለያል። «ኪቴ» (ና) እና «ኪትቴ» (ቴምብር) በዚያው ጆሮ ይለያሉ።

ክፍል ውስጥ እሰማለሁ፣ ቪዲዮ ላይ ግን ምንም

መምህር ሙሉውን ቃል ይናገራሉ፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ያሳጥራል። እኛም «አላውቅም» ጽፈን «አላቅም» እንላለን። «ቴ ኢሩ» «ቴሩ» ይሆናል። «ቴ ሺማትታ» «ቻትታ»። «ናኬሬባ» «ናክያ»። እነዚህን ሦስት ብቻ ይዛችሁ የአንድ ደቂቃ ድምፅ አሥር ጊዜ ስሙ። መብራትም ኔትዎርክም ስለሚጠፋ ድምፁን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት።

ድምሬ ይበቃ ነበር፣ ለምን ወደቅኩ?

ጄኤልፒቲ የሚባለውን የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና በመካከለኛው፣ በኤን 3 ደረጃ ለማለፍ ከ180 ቢያንስ 95 ያስፈልጋል። ግን ቃላትና ሰዋስው፣ ንባብ፣ ማዳመጥ የሚባሉት ሦስት ክፍሎች ከ60 ከ60 ለየብቻቸው ይታያሉ። በአንዱም ከ19 በታች ከመጣ ድምሩ ምንም ያህል ቢሆን አያሳልፍም። ብዙ ጊዜ የሚጥለው ማዳመጡ ነው። ያለፈ ፈተና ሠርታችሁ ሦስቱን ነጥብ ለየብቻ ጻፉ፤ የሚቀጥለውን ወር ዝቅተኛው ላይ ብቻ አውሉት።