ካርቡሬተር ሞተር ላይ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከገጠምክ በኋላ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄ

ዲኤክስህን (የድሮውን ቶዮታ ኮሮላ) ግቢ ውስጥ ሞተሩን ሰራህ፣ ሜካኒካሉ የቤንዚን ፓምፕ አልቆ ስለነበር በኤሌክትሪክ ቀየርከው፣ ከዛ መኪናው አመል አወጣ። ብዙ ሰው ወዲያው ካርቡሬተሩን መፍታት ይጀምራል፣ ተው ወንድሜ መጀመሪያ ግፊት ለካ።

ቤንዚን በካርቡሬተሩ አናት ይፈሳል፣ ጥቁር ጭስ አለ፣ ካንዴላው ጥላሸት ለብሷል፦ ብዙውን ጊዜ የገጠምከው ካርቡሬተር ለሌለው መኪና የተሰራ የኢንጀክሽን ፓምፕ ነው፣ ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ በርካሽ ስለተገኘ ብቻ። ካርቡሬተር የሚፈልገው ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ነው፣ ያ ፓምፕ ግን 3 ባር አካባቢ ይገፋል፣ ፍሎቱ (ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ) የቤንዚን መግቢያ የምትዘጋዋን ትንሽ መርፌ እንዴት አድርጎ ይዝጋት? ለካርቡሬተር የተሰራ ፓምፕ ግዛ። ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ) ገጥሜ ልለፍ ካልክም ለካርቡሬተር የተሰራና ወደ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) መመለሻ መስመር ያለው ይሁን፣ የኢንጀክሽኑ ሬጉሌተር እዛ ድረስ ዝቅ አይልም። ግፊቱ ልክ ሆኖ አሁንም ከፈሰሰ ያኔ ካርቡሬተሩን ፍታ፣ የቤንዚን ጎማ ስትቆርጥ የገባ ፍርፋሪ መርፌው ስር ተቀምጦ ይሆናል። መፍሰሱ ቆሞ ጭሱ ብቻ ከቀረ ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ጄቱን (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አሳንስ።

ሜዳ ላይ ጥሩ ነው ዳገት ላይ ጋዝ ስትረግጥ ይታፈናል፦ ፓምፑን ኮፈን ስር አስረኸዋል አይደል? የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም፣ ከኋላ ሰልባትዮው አጠገብ ዝቅ አድርገህ እሰረው፣ በሰልባትዮውና በፓምፑ መካከል ፊልትሮ ይኑር። ካልተስተካከለ ሞተሩ እየሰራ ፓምፑ ጋ ቮልቴጅ ለካ፣ ባትሪው 13.8 ሆኖ ፓምፑ 11 ካገኘ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ወፍራም ሽቦ ከሬሌና ከፊውዝ ጋር ዘርጋ። የሰልባትዮውን ክዳን ስትከፍት ፍስስ ብሎ መኪናው ከተሻለው ደግሞ የአየር መተንፈሻው ተደፍኗል፣ ሌላ ነገር አትንካ።

ሞቆ ካጠፋኸው በኋላ አልነሳም ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የቤንዚን መስመሩ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አጠገብ እያለፈ ቤንዚኑ እየተነነ ነው፣ አርቀው።

ሞተሩ ጠፍቶ ፓምፑ ይሰራል፦ ይሄን እንደ ቀላል አትየው፣ ተጋጭተህ የቤንዚን ጎማ ቢበጠስ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። ባለ ሶስት እግር የዘይት ግፊት ስዊች ግጠም፣ በሞተሪኖ ስታስነሳ በአንዱ እግር ያሳልፋል፣ ዘይቱ ግፊት ሲያገኝ በሌላው።

ለቤንዚን መስመር የውሃ ጎማ አትጠቀም፣ ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ መስመር ከመፍታትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆነህም አትስራ ምክንያቱም የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ እዛው ይተኛል። ጨርሰህ ስታስነሳ እያንዳንዱን ማሰሪያ በደረቅ ሶፍት ጥረግና ሶፍቱን አሽትተው።