«ኤክስፕረስ» ሁሉ ፈጣን አይደለም፦ ተርጓሚዎች የሚስቱት ቃል

ፖስታና ባቡር ላይ የእንግሊዝኛው «ኤክስፕረስ» «ፈጣን» ቢባል ማንም አይከራከርም። ጣጣው ቃሉን ባዩበት ሁሉ «ፈጣን» ብሎ ማለፍ ነው። የውል ሰነድ ላይ «ኤክስፕረስ ኮንሰንት» ይመጣና «ፈጣን ፈቃድ» ተብሎ ቁጭ ይላል። ፈቃድ ደግሞ እንዴት አድርጎ ነው የሚፈጥነው? እዚያ ላይ ቃሉ «ግልጽ» ማለት ነው፤ በቃል ወይም በጽሑፍ ተለይቶ የተነገረ። ተቃራኒውም «ዘገምተኛ» ሳይሆን «ኢምፕላይድ»፣ ማለትም ከአድራጎት ወይም ከሁኔታ የሚገመት ነው። «ኤክስፕረስ ዋራንቲ»ም በግልጽ የተሰጠ ዋስትና እንጂ ቶሎ የሚደርስ ዋስትና አይደለም። ሕግ ነክ ጽሑፍ ከሆነ መጀመሪያ «ግልጽ»ን ይሞክሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል።

የጤና ጽሑፍ ላይ ደግሞ «ኤክስፕረስድ ሚልክ» አለ፤ በእጅ ወይም በፓምፕ የታለበ የጡት ወተት። «ፈጣን ወተት» ብሎ የጻፈ ሰው እናቶችን ግራ ያጋባል። የሚገርመው፣ የጥንቱን ፍቺ ሳይለቅ የያዘው ይኸኛው ነው፦ በላቲን «ኤክስ» ወደ ውጭ፣ «ፕሬሜሬ» መጫን፤ ተጨምቆ የወጣ። ሰም ላይ የተጫነ ማኅተም ምስሉን ጥርት አድርጎ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ፍቺው ወደ «ግልጽ» አለፈ፤ ቀጥሎ «ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ተብሎ» ሆነ። ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተላከ መልእክተኛ በየመንገዱ አይቆምም። ፍጥነቱ ቃሉ ውስጥ የገባው በዚህ በር ነው። ኤክስፕረስ ባቡርም ቀድሞ የሚደርሰው ትናንሽ ጣቢያዎችን እየዘለለ ስለሚያልፍ ነው።

«ኤስፕሬሶ» የዚሁ ቃል ጣሊያናዊ ወንድም ነው። ውኃው 9 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ከ25 እስከ 30 ሰከንድ በተፈጨው ቡና ውስጥ ያልፋል፤ ቃል በቃል ተጨምቆ የወጣ። «ኤክስፕሬሶ» አይባልም፤ «ክ»ዋን ይተዉአት።

ቃሉን ከአሜሪካው ደብዳቤ አመላላሽ ከፖኒ ኤክስፕረስ ፈረሰኞች የሚያስጀምሩም አሉ። እነሱ ከሚዙሪ እስከ ካሊፎርኒያ በ10 ቀን ገደማ ደብዳቤ ያደረሱት ከሚያዝያ 1860 እስከ ጥቅምት 1861 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው፤ ከዚያ ቴሌግራፍ መጣ። ያኔ ዕቃ አመላላሽ የነበረው አሜሪካን ኤክስፕረስ ግን ቀደም ብሎ፣ በ1850፣ ስሙን ይዞ ተቋቁሟል።

«ኤክስፔዳይት» (ማፋጠን) ደግሞ ቢመስልም ዘመድ አይደለም። የእሱ ሥር «እግር» ነው፤ የታሰረን እግር መፍታት።