ወደ ኪሩና ስትሄዱ በሶ አትርሱ

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ስቶክሆልም ነው። ስዊድን ሰሜን ጫፍ ወዳለችው ኪሩና መጀመሪያ የሄድነው በማርች 2015 ነበር። ከዚያ ወዲህ አራቴ ተመልሰናል። ወዳጆቻችን "እንዴት ነው የሚኬደው?" እያሉ ስለሚጠይቁን ልጻፈው።

በፈረንጅ ገና ሰሞን አትሂዱ። ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም። አንዴ ሞክረነው፣ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ "እንተኛ እንዴ?" ተባባልን። ማርች ይሻላል። ቀኑ ረዘም ይላል፣ በረዶውም እንዳለ ነው፣ ሌሊቱም ለሰሜን ብርሃን (ሰማይ ላይ ለሚታየው ባለቀለም ብርሃን) ይበቃል።

በሌሊቱ ባቡር ሂዱ፤ የመኝታ ክፍል ያዙ። ስንቅ ደግሞ በሶና በፔርሙዝ ሻይ። እንጀራ ይዘን ነበር፤ ማደሪያችን በረንዳ ላይ ረስተነው ጠዋት ጣውላ ሆኖ ጠበቀን።

የተሸወድነው ልብስ ላይ ነው። ጂንስና የጥጥ ካናቴራ ለብሰን ሄድን። ጥጥ ላብ ይይዛል፤ ላቡ ደግሞ ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል። ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ልበሱ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ 3 ካልሲ ደራርቤ ቡቴን በግድ አጠለቅኩ። ጣቶቼ ደነዘዙ። እግር ከተጨናነቀ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም። ቡቱ በ1 ቁጥር ይስፋ፣ 1 ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል። እናቴ የላከችልን ጋቢ ለባቡሩ እንጂ ለውጭ አይሆንም (እሱም ጥጥ ነዋ!)። ስልካችሁን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙት፤ ብርዱ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

የሰሜን ብርሃን ለማየት ከኪሩና ወጣ ብላ እስካለችው ትንሽ መንደር፣ አቢስኮ ድረስ ሂዱ። ተራሮቹ ደመናውን ስለሚያግዱት ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ይላል።

በሄዳችሁ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ፎቶ ተነሡ። የእኛ ቦታ ቀይዋ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነበር። ነበር ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ከሥር የብረት ማዕድን ሲወጣ መሬቱ ስለሚሰነጠቅ ከተማዋን እያዛወሯት ነው። 672 ቶን የምትመዝነውን ቤተ ክርስቲያን ኦገስት 2025 ላይ እንዳለች ጭነው 5 ኪሎ ሜትር ወሰዷት። 2 ቀን ፈጀ። ዘንድሮ ባለቤቴ እንደልማዱ ወደ ድሮው ቦታ መንገድ ጀመረ። "አንተ፣ ተነሥታለች እኮ!" አልኩት። ቆም ብሎ ሳቀ።

አዲሱ ቦታ ላይ ተነሣን። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ቤተ ክርስቲያኗ ያችው ናት፣ ከጀርባዋ ያሉት ዛፎች ሌሎች ናቸው። እሱ ያደረጋት ኮፍያ ግን የ2015ቷ ናት።