ስለ አንዲት ልጅና ስለ መንገድ ውሻ የልጆች ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ልጅ የሰማውን ታሪክ ወጥቶ ያደርገዋል። ልጅቷ መንገድ ላይ ያገኘችውን ውሻ ሮጣ ስታቅፍ ከሰማ፣ በማግስቱ እሱም ሮጦ ያቅፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ማሰብ አለበት፦ ልጁ ለእንስሳ እንዲራራ፣ ሲራራ ደግሞ እንዳይነከስ። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው። ውሻው የሚድንበትን መንገድ ቀስ አድርጉት። ምሳሌዬን ሰሜን ሸዋ ላይ አደርጋለሁ።

1. ቦታውንና ወቅቱን ቁረጡ

"በአንድ አገር አንዲት ልጅ ነበረች" ብላችሁ አትለፉት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሲነጋ ሳሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። በዚህ ብርድ ቡችላው የት ያድራል? ልጆቹ እናንተ ሳትጠይቋቸው ይህን ይጠይቃሉ።

ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሲኖትራክ ሲያልፍ የምትደነግጥ ነፍስ እዚያ መንገድ ዳር ልትኖር ትችላለች። ወደ መንዝ ከወጣችሁ ደግሞ የድንጋይ ቤት፣ የበግ መንጋና የኩበት ጭስ ታገኛላችሁ። አንዱን ምረጡ። እኔ መንዝን መርጫለሁ።

2. ልጅቷንና ውሻውን ለዩ

ልጅቷን ቤዛ እንበላት። ዕድሜዋ 8 ይሁን። ታላቅ ወንድሟ ለትምህርት ከተማ ሄዷል፤ ከትምህርት ቤት መልስ በጎቹን የምትጠብቀው እሷ ናት። "ርኅሩኅ ልጅ ነበረች" አትበሉ። የምታደርገው ነገር ራሱ ይናገር።

ውሻው ውሻ ይሁን፣ አይናገር። በተረቶቻችን ጦጣም ጅብም ያወራሉ፣ ደስም ይላል። እዚህ ግን ልጁ የውሻን ሰውነት ማየት እንዲለምድ ነው የምንፈልገው። "ቡችላው ፈራ" ከማለት ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ሸጎጠ። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ። ከንፈሩን ላሰ። ካጉረመረመ ደግሞ "አትቅረቢኝ" እያለ ነው፤ ቤዛም ይህን ሰምታ ወደ ኋላ ትመለስ።

ዕድሜውን 3 ወር ግድም አድርጉት። ቡችላ እስከ 8 ሳምንት ከእናቱ ባይለይ ይሻላል፤ ዓይኑ ገና ያልተገለጠ ቡችላ ከጎሬው ይዛ የምትመጣ ልጅ ብትጽፉ፣ ሰፈር ውስጥ ስንት ቡችላ ከእናቱ እንደሚወሰድ አስቡት።

ስሙን ቶሎ አትስጡት። ቡቺ የሚባል ውሻ በየሰፈሩ ሞልቷል። የእኛው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት "ቦቃ" ይባል፤ ግን ይህን ስም ቤዛ የምታወጣለት ወደ እሷ ከመጣ በኋላ ነው።

3. የመቅረቡን ነገር አታሳጥሩ

የታሪኩ ልብ እዚህ ነው። ብዙ ጸሐፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፦ "አዘነችለትና ይዛው ወደ ቤት ሄደች።" እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሦስት ማታ ስጡት። ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮም አንድ ትልቅ ሰው አጠገቧ ይኑር፤ ለምሳሌ የጎረቤት ሽማግሌ፣ በጎቻቸውን እየመለሱ።

"ተይ ልጄ፣ አትሩጪበት" አሏት። "እሱ ይምጣ።"

ቤዛ ከቂጣዋ ቆረሰች። ድንጋይ ላይ አኖረችው። ራቅ ብላ ቁጢጥ አለች። ፊቷን ወደ በጎቹ አዞረች።

ቡችላው አንድ እርምጃ መጣ። ቆመ። ሄደ።

በማግስቱ ሁለት እርምጃ መጣ። ቆመ። ሄደ።

በሦስተኛው ማታ ሦስት እርምጃ መጣ። ቆመ። አልሄደም።

ይህ ድግግሞሽ ሁለት ጥቅም አለው። ልጆች በሁለተኛው ማታ ላይ አብረዋችሁ "ቆመ! ሄደ!" ማለት ይጀምራሉ። ደግሞም የፈራ ውሻ በእውነትም የሚቀረበው እንዲህ ነው። ዓይን ዓይኑን አያዩትም፣ ከላይ ሆነው እጅ አይዘረጉበትም፣ መሸሻ መንገዱን አይዘጉበትም። ልጁ እየሳቀ ይማረዋል።

4. አያቷን ክፉ አታድርጉ

በአብዛኛው ቤታችን ውሻ የሚያድረው ደጅ ነው። የቤዛ ሴት አያት በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ውሻ ነጠላቸውን እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ይህ ጭካኔ አይደለም፣ የቤቱ ሥርዓት ነው። ታሪኩ ያንን ሥርዓት ሳይንቅ ለቡችላው ቦታ ይፈልግለት።

"ቤት አይገባም ብያለሁ!" አሉ አያቷ።

"እማማ፣ ውርጭ ነው እኮ!"

አያቷ ዝም አሉ። ገቡ። ተመልሰው ሲወጡ ያረጀ የባና ቁራጭ ይዘው ነበር። ገለባው ሥር አነጠፉት።

ባና ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፣ የሚሠራውም ከመንዝ በግ ጸጉር ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ከየትም የመጣ ነገር አይደለም። መፍትሔው ከቤቱ ሲወጣ ልጅ ያምነዋል።

ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ካስገባችሁም አትቅጡት። ከአድማጮቻችሁ መሃል ድንጋይ የወረወረ አይጠፋም። ለቦቃ ውሃ የሚቀዳውን ሥራ ለእሱ ስጡት።

5. ሐኪም ጋ ውሰዷቸው

ይህን ምዕራፍ አትዝለሉት። ቤዛና አባቷ ቦቃን በገመድ አስረው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙ ጊዜ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። መርፌውን ሲወጋ "ቂው!" ይበል፣ ልጆቹ ይሳቁ።

በዚሁ ገጽ ላይ አባቷ አንድ ነገር ይናገሩ፦ "ማንኛውም ውሻ ቢነክስሽ፣ ቢቧጭርሽም እንኳ፣ ወዲያው ንገሪኝ። አልቆጣሽም።" ከመጽሐፉ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀሩ ብባል ይህን አስቀራለሁ። ልጅ ቁጣ ፈርቶ ንክሻን ይደብቃል። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ ለደረሰ ግን መከላከያ አለው።

ታሪኩ ጓሳ (መንዝ ውስጥ ያለው ጥብቅ የሣር ምድር) አካባቢ ከሆነና አንባቢዎቹ ከፍ ያሉ ልጆች ከሆኑ ቀይ ቀበሮንም ማስገባት ትችላላችሁ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ክፉኛ ይጎዳዋል። የቦቃ ክትባት ለእሱም ይተርፋል።

6. መጨረሻውን አታጋንኑ

ቦቃ ጠቦት ከቀበሮ አፍ እንዲያስጥል አታስገድዱት። ውሻ ለመዳን ውለታ መመለስ የለበትም። "ውሻ በበላበት ይጮሃል" ይባል የለ? እሱ ይበቃል። እስከዚያ ድረስ ጮኾ የማያውቀው ቡችላ አንድ ማታ ኮቴ ሰምቶ "ሃው!" ይበል። አያቷም "የኛ ውሻ ነው" ይበሉ።

7. ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ከ5 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች 500 ቃል ገደማ በቂ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ 32 ገጽ ይሆናል፤ በአንድ ገጽ ሁለት ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ማለት ነው። ለሠዓሊው ጸጉረ ረጅም የፈረንጅ ውሻ እንዳይሥል ንገሩት። ጸጉሩ አጭር፣ መልኩ ቡላ፣ ጭራው የተጠቀለለ ይሁን። ቤዛ ኮንጎ ጫማ ታድርግ፣ ትንሽ ጋቢ ትደርብ።

ከዚያ ልጆች ሰብስቡ። "ተረት ተረት" በሉ፣ "የላም በረት" ይበሏችሁ፣ ጀምሩ። "ከዚያስ?" ያሉበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። መሬት መጫር የጀመሩበትን ደግሞ ቁረጡት፤ ብዙ ጊዜ እናንተ መምከር የጀመራችሁበት ቦታ ነው።

በጀርባው ሽፋን ላይ ለወላጅ ይህን አስፍሩ፦ ልጅዎን ውሻ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።